ሆድ የማይፈጨው ቀለበት፦ የዕፅዋት ክብ ፔፕታይዶች መድኃኒት ይሆኑ ይሆን?

ኢንሱሊን ለምን በክኒን አይሰጥም? የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፤ ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። ሆዳችን ደግሞ ፕሮቲን ካገኘ አይምርም። ሥጋም ይሁን ሽሮ፣ ዕንቁላልም ይሁን ስንት ብር የወጣበት መድኃኒት፣ ለጨጓራ አሲድና ለአንጀት ኢንዛይሞች ያው ምግብ ነው። ቆራርጠው ወደ አሚኖ አሲድነት ይመልሱታል። ስለዚህ ኢንሱሊን በመርፌ ይወሰዳል። ምጥ ለማገዝና ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ለመግታት የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም በመርፌ ነው። በየማኅበራዊ ሚዲያው ስሙ የማይጠፋው የስኳር ሕመም መድኃኒት ኦዜምፒክም እንዲሁ።

እርግጥ ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ በክኒን መልክም አለ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ግን ከተዋጠው ውስጥ ደም ጋ የሚደርሰው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው መንገድ ላይ ይቀራል። ያቺን 1 በመቶ ለማሳለፍም ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በጥቂት ውኃ፣ ከአጋዥ ኬሚካል ጋር መወሰድ አለበት።

ሦስቱም ከፔፕታይድ ወገን ናቸው፤ አጫጭር ፕሮቲኖች ማለት ነው። ፔፕታይድ ጥሩ መድኃኒት የሚሆንበት ምክንያት አለ። ሰውነታችን ራሱ ብዙ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በፔፕታይድ ስለሆነ፣ ዒላማውን ለይቶ ያውቃል። ድክመቱም የታወቀ ነው። ሆድ አያልፍም፣ ሙቀት አይችልም፣ ደም ውስጥም ቶሎ ይበጣጠሳል። የመድኃኒት ኩባንያዎች ይህን ለመፍታት ብዙ ገንዘብ እያፈሰሱ ነው። የሚገርመው፣ አንዳንድ ዕፅዋት ጥያቄውን ከሰው ልጅ በፊት ፈትተውታል። ቢያንስ ግማሹን።

ምጥ የሚያፋጥነው ሻይ

በ1960ዎቹ ሎሬንትስ ግራን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም ከቀይ መስቀል ጋር ኮንጎ ሄዶ ይሠራ ነበር። እዚያ ያሉ ሴቶች ምጥ ሲይዛቸው አንድ ተክል አፍልተው ይጠጣሉ። ተክሉን ካላታ ካላታ ይሉታል። ሲጠጡት ምጡ ይፋጠናል። ግራን ይህን አይቶ ዝም አላለም፤ ተክሉን መመርመር ጀመረ። ማኅፀን የሚያኮማትረውን ነገር ነጥሎ ሲያወጣ ያገኘው ፔፕታይድ ሆነ። ከአገሬው ስም ተወስዶም ካላታ ቢ1 ተባለ። ውጤቱ የታተመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው።

ነገሩ ግን ግራ ያጋባል። ፔፕታይድ ከሆነ ሲፈላ መበላሸት ነበረበት። ሲጠጣም ሆድ ውስጥ መፈጨት ነበረበት። ሴቶቹ ያፈሉታል፣ ይጠጡታል፣ ይሠራል። ለምን? መልሱ የመጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1995 ነው። ዴቪድ ክሬክ የተባለ አውስትራሊያዊ ኬሚስት ከኖርዌይና ከእንግሊዝ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሞለኪውሉን ቅርፅ አወጣ።

መቁጠሪያ አስቡ። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ተራ ፔፕታይድ ክሩ ተበጥሶ የተዘረጋ መቁጠሪያ ነው፤ ሁለት ጫፍ አለው። አንዳንድ ኢንዛይሞች ጫፉን ይይዙና ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ካላታ ቢ1 ጫፍ የለውም። 29 ዶቃዎች ተያይዘው ዙሪያውን ገጥመዋል። በዚህ አያበቃም። ከ29ኙ ስድስቱ ሲስቴይን የሚባሉ፣ ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው። ስድስቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይያያዙና ቀለበቱን ከውስጥ ያስሩታል። ሁለቱ ማሰሪያዎች መሀል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይሠራሉ፤ ሦስተኛው በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል። እውነተኛ ቋጠሮ ነው። ከጫፍ ሳይሆን ከመሀል የሚቆርጡ ኢንዛይሞች እንኳ የሚገቡበት አያገኙም። ሙቀትም አይፈታውም።

ክሬክና ባልደረቦቹ በ1999 ለዚህ ቤተሰብ ሳይክሎታይድ የሚል ስም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳይክሎታይዶች ተገኝተዋል። ፍለጋው ገና ስለሆነ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ።

እኛ ጓሮ ምን አለ?

ካላታ ካላታ የቡና ቤተሰብ ናት። አዎ፣ የቡና። ግን ጀበና ለመጣድ አትቸኩሉ። ከተመረመሩት የዚህ ቤተሰብ ዕፅዋት አብዛኞቹ ሳይክሎታይድ የላቸውም። በተቃራኒው የቫዮላ ቤተሰብ፣ ማለትም ትንንሽ ሐምራዊና ቢጫ አበባ የሚያወጡት ዕፅዋት፣ በተመረመሩ ቁጥር አልተሳሳቱም፤ ሁሉም ላይ ተገኝቷል። ከዱባና ከቅል ወገን፣ ከጥራጥሬ ወገን፣ ከድንችና ከቲማቲም ወገንም የተገኙ አሉ።

ቫዮላ ካልን፣ ቫዮላ አቢሲኒካ የምትባል ዝርያ አለች። ስሟ እንደሚነግረን የእኛ ደጋ ተክል ናት። እስከ 3,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ትበቅላለች። በ2011 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው መረመሯት። ከዚያ በፊት ያልታወቁ አምስት ሳይክሎታይዶች አገኙባት። ቫቢ ኤ፣ ቫቢ ቢ እያሉ እስከ ኢ ሰየሟቸው። ቫቢ ኤ እና ቫቢ ዲ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴሎችን ገድለዋል። ይህ ጥናት በዓለም አቀፍ መጽሔት ታትሟል፤ እኛ ጋ ግን ስሙን የሰማ ሰው ብዙ አይመስለኝም።

ከሳይክሎታይድ ወጣ ብለን ክብ ፔፕታይዶችን በሙሉ ካየን ደግሞ ነገሩ ኩሽናችን ድረስ ይገባል። ተልባን ውሰዱ። በ1959 ጀርመኖች ከተልባ ዘይት ውስጥ ሳይክሎሊኖፔፕታይድ ኤ የሚባል ዘጠኝ ዶቃ ያለው ቀለበት አወጡ። ከዕፅዋት ከተገኙት ክብ ፔፕታይዶች ቀዳሚው እሱ ነው፤ ካላታ ቢ1ን በአሥር ዓመት ይቀድማል። የሰልፈር ማሰሪያ የለውም፤ ባዶ ቀለበት ነው። በኋላ ሲጠና የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን የሚያለዝብ ጠባይ ተገኘበት። የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን በሚሠራበት መንገድ ነው የሚሠራው፤ በጣም ደከም ብሎ ግን።

ሌላም ነገር አለ። የተልባ ዘይት ሲጨመቅ ጥሩ ጣዕም አለው፤ ሲቆይ ግን መራራ ይሆናል። በ2007 የጀርመን ተመራማሪዎች የምሬቱን ምንጭ ፈልገው ደረሱበት። ከእነዚሁ የተልባ ቀለበቶች አንዱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ኦክስጅን ይጨመርበትና ይመርራል። በጾም ወቅት ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ወዲያው የሚበላበት የእኛ አገር ልማድ ከዚህ ምሬት ይገላግላል። ተልባ ለጨጓራ ጥሩ ነው የሚባለው ግን ከቀለበቶቹ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። ውኃ ሲነካው የሚያሙለጨልጨው የፋይበር ሥራ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የሱፍ አበባ ፍሬም የራሱ አለው። በ1999 የተገኘ 14 ዶቃ ያለው ትንሽ ቀለበት ነው። ትራይፕሲን የተባለውን የአንጀት ኢንዛይም ጨምድዶ ይይዛል። ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም ራሱን የሚያስር ፔፕታይድ መሆኑ ነው። አንዳንድ የካንሰር ዕጢዎች ለመስፋፋት የሚጠቀሙባቸው ኢንዛይሞች ትራይፕሲንን ስለሚመስሉ፣ ተመራማሪዎች ይህን ቀለበት እያስተካከሉ እነሱን ለመያዝ ይሞክራሉ።

«ካንሰር ገደለ» ሲባል

አሁን ቀዝቀዝ ማለት ያስፈልጋል። በየጊዜው «ከዕፅዋት የተገኘ ፔፕታይድ የካንሰር ሴሎችን ገደለ» የሚል ዜና ይወጣል። ውሸት አይደለም። ግን ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል በረኪናም ይገድለዋል። ጥያቄው መግደሉ ላይ አይደለም፤ መምረጡ ላይ ነው። ጤነኛውን ሴል ይተወዋል ወይ?

ለዚህ መልስ ለማግኘት ተክሉ ቀለበቱን ለምን እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ለእኛ ብሎ አይደለም። ለአባ ጨጓሬ ነው። በ2001 አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ ሙከራ፣ ካላታ ቢ1 የተቀላቀለበት ምግብ የበሉ የጥጥ ተባይ ትሎች ማደግ አቃታቸው። ቀለበቱ የትሉን አንጀት ሴሎች ሽፋን ይበሳል። እንዳይፈጭ ሆኖ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ትሉ አንጀት ውስጥ ሳይበጣጠስ መድረስ አለበት። አውስትራሊያ ውስጥ ክሊቶሪያ ከምትባል ሰማያዊ አበባ ካላት የጥራጥሬ ዘመድ የተጨመቀ፣ በእነዚህ ፔፕታይዶች የበለጸገ የጥጥ ተባይ ማጥፊያ ገበያ ላይ ውሏል። ሴሮ ኤክስ ይባላል። ስለ ክብ ፔፕታይድ ተስፋ ብዙ ተጽፏል፤ ፋርማሲ ሳይደርስ ማሳ የደረሰው ግን ይህ ነው።

የሴል ሽፋን የሚበሳ ነገር የትልን ከሰው፣ የታመመን ከጤነኛ ብዙም አይለይም። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ቻሳሊያ ከምትባል ሌላ የቡና ዘመድ ሰርኩሊን የሚባሉ ቀለበቶችን አግኝተው ነበር። ኤች አይ ቪን ቤተ ሙከራ ውስጥ አገዱ። ትልቅ ተስፋ ነበር። ነገር ግን ቫይረሱን የሚያቆመው መጠንና ሴሉን የሚጎዳው መጠን ተቀራረቡ። መድኃኒት እንዲሆን በሁለቱ መካከል ሰፊ ርቀት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ቆመ። ብዙዎቹ ሳይክሎታይዶች ቀይ የደም ሴልንም ያፈነዳሉ፤ ደም ሥር ውስጥ መልቀቅ ዋዛ አይደለም።

የምጡ ሻይም ከዚህ አያመልጥም። በ2013 የቪየና ሕክምና ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን ግሩበርና ባልደረቦቹ ካላታ ቢ7 የሚባለው ዘመዱ የኦክሲቶሲንን መቀበያ እንደሚይዝ አሳዩ። የኮንጎ ሴቶች የሚያውቁት ነገር ሞለኪውላዊ ማስረጃ አገኘ። ግን ከራሱ ከኦክሲቶሲን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ መጠን ይፈልጋል። ሻይ ሲፈላ ደግሞ ስንት እንደገባ ማን ያውቃል? አንዱ ተክል ከሌላው ይለያል፤ አንዷ ብርጭቆ ከሌላዋ ትለያለች። ማኅፀን ከልክ በላይ ሲኮማተር ሊተረተር ይችላል፤ ፅንሱም ይታፈናል። ሐኪም ቤት ኦክሲቶሲን በጠብታ እየተለካ የሚሰጠው ለዚህ ነው። በምጥ ጊዜ ባህላዊ ቅጠል መጠጣት በእኛም አገር ያለ ነገር ስለሆነ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

ቀለበቱን ትቶ ዶቃውን መቀየር

እንግዲህ ምን ቀረ? በእኔ እይታ የእነዚህ ፔፕታይዶች ትልቁ ዋጋ ተክሉ በሰጠን መልካቸው አይደለም። ትልቁ ዋጋ ቅርፁ ነው። በስድስቱ ሲስቴይኖች መካከል ያሉት ክፍተቶች ውስጥ ያሉ ዶቃዎች ሊቀየሩ ይችላሉ። ቋጠሮው እስካለ ድረስ ቀለበቱ ጥንካሬውን ብዙም አያጣም። ስለዚህ ሽፋን የሚበሳውን ጠባይ አውጥቶ፣ የሚፈለገውን መልእክት መትከል ይቻላል።

አንድ ዶቃ ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሳይ ግሩም ምሳሌ አለ። የግሩበር ቡድን የካላታ ቢ1ን 20ኛ ዶቃ አወጣና በቦታው ላይሲን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ አስገባ። ስሙን ቲ20ኬ አለው። ይህ ሞለኪውል ቲ ሴል የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች ከልክ በላይ እንዳይባዙ ያደርጋል። 10ኛው ዶቃ በዚያው ላይሲን ሲተካ ግን ሥራው ጠፋ። ቀለበቱ ያው፣ የገባው አሚኖ አሲድ ያው፤ የተለየው ቦታው ብቻ ነው።

ቲ20ኬ በ2016 በታተመ ጥናት መልቲፕል ስክለሮሲስን የሚመስል ሕመም ላለባቸው አይጦች በአፍ ተሰጣቸው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። አይጦቹ ላይ ሕመሙ ቀለለ። በአፍ መሰጠቱ ነው ወሬው። አንድ የስዊድን ኩባንያ ሞለኪውሉን ወስዶ ወደ መጀመሪያ ደረጃ የሰው ሙከራ አስገባው። የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ደኅንነቱ የሚፈተሽበት ነው፤ ያድናል አያድንም የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወደ ፋርማሲ መደርደሪያ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ብዙው መድኃኒት እዚያው ላይ ይቀራል።

ሌሎችም አሉ። ከሲንጋፖር የመጣ በ2012 የታተመ ሥራ፣ ሕመም የሚያስታግስ ፔፕታይድ ካላታ ቢ1 ውስጥ ተክሎ አይጦች ላይ በአፍ እንዲሠራ አድርጓል። ጋክ ከሚባለው የእስያ ፍሬ ዘር የሚገኙት ቀለበቶች ደግሞ ብዙም መርዛማ አይደሉም፤ ሴል ውስጥ ዘልቀው መግባትም ይችላሉ። ስለዚህ ለተከላ ይመረጣሉ።

አለመፈጨት አንድ ነገር፣ መግባት ሌላ ነገር

እዚህ ጋ ብዙ ጽሑፎች የሚዘሉት ነጥብ አለ። ሆድ አልፈጨውም ማለት ደም ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። ሳይፈጭ በአንጀት አልፎ በዚያው ሊወጣ ይችላል። ሳይክሎታይድ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። የአንጀትን ግድግዳ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። መግቢያዬ ላይ «ቢያንስ ግማሹን» ያልኩት ለዚህ ነው።

ሌላኛውን ግማሽ የፈታው አንድ የታወቀ ቀለበት ሳይክሎስፖሪን ነው። 11 ዶቃ ያለው ሲሆን በአፍ ይወሰዳል። ከተክል አይደለም የመጣው፤ ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ ሻጋታ ነው። (ኖርዌይ በዚህ ታሪክ ሁለቴ መምጣቷ አጋጣሚ ነው።) በ1983 አሜሪካ ውስጥ ከጸደቀ በኋላ የንቅለ ተከላ ሕክምናን ቀይሮታል። ምሥጢሩ ውኃ የሚወዱ ክፍሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ መደበቅ መቻሉ ነው። ቅባት የሆነውን የሴል ሽፋን ሲደርስ ራሱም ቅባት መስሎ ያልፋል።

ሰሞኑን ደግሞ ክብ ፔፕታይድ እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤንሊሲታይድ የሚባል ኮሌስትሮል የሚቀንስ ክብ ፔፕታይድ አለው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ነው። በ2025 ይፋ በሆነ የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የሚሠራው ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ፕሮቲን በማገድ ነው፤ እስካሁን በዚያ መንገድ የሚሠሩ ትልልቅ መድኃኒቶች በመርፌ የሚሰጡ ነበሩ። ኤንሊሲታይድ ከተክል አልመጣም፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከብዙ ቀለበቶች መካከል ተመርጦ፣ ተሻሽሎ የተሠራ ነው። የመግባቱን ችግርም በከፊል የሚፈታው አጋዥ ኬሚካል በመጨመር ነው። እና ለዕፅዋቱ ተመራማሪዎች ዜናው ሁለት መልክ አለው። የክብ ፔፕታይድ ክኒን እንደሚቻል አሳይቷል። በዚያው ልክ ደግሞ ተክል ሳይነካ እንደሚቻል አሳይቷል።

የሚሠራው በምን ያህል ነው?

ዋጋም ሌላ ራስ ምታት ነው። ካላታ ቢ1ን በኬሚካል መሥራት ይቻላል። 29ኙን ዶቃ በየተራ መቀጠል፣ ከዚያ ጫፎቹን መግጠም፣ ከዚያ ማሰሪያዎቹን ማስተካከል ነው። ችግሩ የመጨረሻው ላይ ነው። ስድስት ሲስቴይኖች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጣመሩበት 15 መንገድ አለ። ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። ከተሳሳተ ቋጠሮው አይሠራም። ተክሉ ግን ይህን በፀሐይና በውኃ ብቻ ይሠራዋል።

በ2014 የሲንጋፖር ናንያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚያችው ሰማያዊ አበባ ካላት ክሊቶሪያ ጫፎቹን የሚገጥመውን ኢንዛይም አወጡ። ቡቴሌዝ 1 ይባላል። በጣም ፈጣን ነው። ለምርምሩ ዓለም ከቀለበቶቹ ከአንዳንዶቹ በላይ የጠቀመው ይህ መሣሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እነ ክሬክ ደግሞ ከዚህ አልፈው መድኃኒቱን በራሱ በተክል ውስጥ ለማምረት እየሠሩ ነው። ሕልማቸው ታካሚው መድኃኒቱን ከዘር ወይም ከቅጠል እንዲያገኝ ነው። የሚያምር ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቅድም ያነሳሁት የመጠን ጥያቄ እዚህም ይመለሳል፤ በየዘሩ ውስጥ ያለው መጠን እኩል መሆኑን ማን ያረጋግጣል?

ለእኛ ዓይነት አገር ግን ሙቀት መቻል ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አዋላጅ ነርሶች ይንገሩን። መርፌው ይሰጣል፣ ግን አቅሙ ከተዳከመ ደሙ አይቆምም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናቶችን ከሚገድሉ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው። ለዚህ መልስ የመጣው ከካላታ ሳይሆን ኦክሲቶሲንን ራሱን ነካ ነካ በማድረግ ነው። ካርቤቶሲን የተባለው ሙቀት የሚችለው ዓይነት በ2018 በአሥር አገሮች 30,000 ገደማ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ታየ። ፍሪጅ አይፈልግም። አሁንም መርፌ ነው። በክኒን የሚሆን ቀን ቢመጣ፣ የቀለበት ቅርፅ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

የማን ነው?

የመጨረሻው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከነክነኝ ይህ ነው። ክብ የዕፅዋት ፔፕታይዶች አብዛኞቹ በቀጥታ ከጂን የሚነበቡ ናቸው። ሞርፊን ወይም ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት እንዲህ አይደሉም፤ እነሱን ለመሥራት ተክሉ ብዙ የኢንዛይም ደረጃ ያልፋል። ካላታ ቢ1 ግን ተክሉ ዲኤንኤ ላይ ተጽፏል። ኮምፒውተር ላይ ስታስቀምጠው 29 ፊደል ነው። ያንን ፊደል ያገኘ ሰው ቅጠሉን አይፈልገውም። ኮንጎም መሄድ አይጠበቅበትም።

ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚገዛ አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998። (ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው።) ከአገር ተክል ወስዶ መመርመር የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጥቅም ከተገኘም መጋራት አለበት። የጤፍን ነገር የማያስታውስ የለም። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ጥቅሙ አልመጣም። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ ፓተንቱን ሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው።

በፔፕታይድ ላይ ግን እንዲህ ዓይነት ክርክር በቀላሉ አይረታም። ቫቢ ኤን ወስዶ አንድ ዶቃ የቀየረ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህ ተፈጥሮ ውስጥ የለም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ቢል እውነቱን ነው። ከ20ኛና ከ10ኛ ዶቃ ልዩነት እንዳየነው፣ ያቺ አንድ ዶቃ ተራ ለውጥ አይደለችም፤ ፈጠራ ልትባል ትችላለች። የደጋዋ ተክል ድርሻ የት ላይ ይገባል? አዋጁ ሲወጣ የዲጂታል ቅደም ተከተል፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ የጂን ፊደል፣ ጉዳይ በዓለም መድረክ ገና አጀንዳ አልነበረም።

አሁን አጀንዳ ሆኗል። በ2024 ኮሎምቢያ ካሊ ከተማ በተደረገው የብዝሃ ሕይወት ጉባኤ፣ ከእንዲህ ዓይነት ዲጂታል መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ እንዲቋቋም ተወስኗል። በየካቲት 2025 ሮም ላይ ሥራ ጀምሯል። መነሻው ከትርፍ 1 በመቶ ወይም ከገቢ 0.1 በመቶ ነው። ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ታስቧል። ክፍያው ግን በፈቃደኝነት ነው። አገሮች በራሳቸው ሕግ ግዴታ ካላደረጉት በቀር፣ ያልከፈለን ኩባንያ የሚጠይቀው የለም። የቫቢ ቀለበቶች የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ታትሞ ማንም የሚያነበው ሆኗል።